የተሳቢ ጎማና የ«አላየሁም» ኃጢአት

ከዓለም ከተማ ተነስቶ የወንጭትን ሸለቆ አቋርጦ ወደ ደጎሎ በሚወጣ የጭነት መኪና ላይ የፊት ጎማ ባላንሱ ከተዛባ ሾፌሩ ወዲያው ያውቀዋል። መሪው እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ጋቢናው ይርገበገባል፤ ረዳቱም ሳይጠየቅ «ምንድን ነው?» ይላል። ተሳቢው ግን መሪ የለውም። ከሾፌሩ ጀርባ ርቆ፣ በመጎተቻ ተያይዞ ዝም ብሎ ይከተላል። ጎማው ቢንገዳገድ፣ ቢግል፣ ላስቲኩ ከሽቦው ቢላቀቅ ለሾፌሩ የሚደርሰው ወሬ የለም። የመጀመሪያው ወሬ ብዙ ጊዜ የፍንዳታው ድምፅ ነው።

ከፍንዳታው በኋላ የሚባለው ይታወቃል። ክርስቲያኑ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል፤ ሙስሊሙ «የአላህ ቀደር ነው» ይላል። በጃማም፣ በወረኢሉም፣ በመካነ ሰላምም የሁለቱ ሃይማኖት ሰዎች በአንድ ገበያ እንደሚገበያዩ ሁሉ በአንድ ለቅሶ ቤት ይቀመጣሉና ሁለቱ ቃላት አንድ ድንኳን ውስጥ ይሰማሉ። የተባሉት ሐዘንተኛን ለማጽናናት ስለሆነ እዚያ የሚከራከራቸው የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ድንኳኑ ሲነሳ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ከፈነዳው ጎማ ውስጥ የፈጣሪ ድርሻ የቱ ነው? የሰውስ?

የሰው ድርሻ የሚለካው ሰው ሊያውቅ በሚችለው ልክ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ቄሱም ወደ ሼኩም ከመሄዱ በፊት ጎሚስታው ቤት ጎራ ማለት አለበት። በጎማ ላይ ሊታወቅ የሚችለው ነገር ከሚገመተው በላይ ብዙ ነውና።

ጎሚስታ ቤት በር ላይ ከተደረደሩት ጎማዎች ደንበኛው መጀመሪያ የሚያየው ጥርሳቸውን ነው። ጥርሱ ጥልቅ፣ ጎኑ ጥቁርና አብረቅራቂ ከሆነ «አዲስ ነው» ይባላል። ማብረቅረቅ ግን በቀለም ይመጣል። ጥርስም ባለቀ ጎማ ላይ እንደገና ተቦርቡሮ ይወጣል። ይህን እንዲችሉ ተብለው ወፍራም ላስቲክ የተሰጣቸው ጎማዎች አሉ፤ ያልተሰጣቸው ሲቦረቦሩ ግን ቢላው ወደ ሽቦው ይጠጋል። እውነተኛው ታሪክ የተጻፈው ጎኑ ላይ ነው። ዲ.ኦ.ቲ. በሚሉ ፊደላት የሚጀምረው ረጅም መለያ መጨረሻው ላይ አራት አኃዞች አሉት። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 የሚል ጎማ የተሠራው በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት፣ በእኛ ግንቦት 2011 ማብቂያ ገደማ ነው። ላስቲክ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሎም ያረጃል፤ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ይደርቃል፤ መለጠጡን ያጣል። ስምንት ዓመት ተከማችቶ የቆየ ጎማ አዲስ የሚባለው በጥርሱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር አለች። በብዙ ጎማዎች ላይ ይህ ቀን የሚታተመው በአንደኛው ጎን ብቻ ነው። ሲገጠም ያ ጎን ወደ ውስጥ ከዞረ፣ በተለይ ደግሞ ጎማው ተሳቢ ላይ ጥንድ ሆነው ከሚገጠሙት የውስጠኛው ከሆነ፣ ቀኑን ለማንበብ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ባትሪ አብርቶ፣ ጭቃውን በጣት ጠርጎ መፈለግ ይጠይቃል። አላየሁም የሚል ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን አልተኛም፤ አልጠረገም።

ክብ ውስጥ የተጻፈችው «ኢ» እና አጠገቧ ያለው ቁጥርም አላግባብ ትነበባለች። ምልክቷ የጎማው ዓይነት በአውሮፓ ደንብ ተፈትኖ ማለፉን ትመሰክራለች። ቁጥሩ ማረጋገጫውን የሰጠውን አገር እንጂ ጎማው የተሠራበትን አይናገርም። «ኢ 4» ማለት ማረጋገጫውን የሰጠችው ኔዘርላንድስ ናት ማለት ነው፤ ጎማው ቻይና ወይም ህንድ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ነውርም የለበትም። «ቻይና ነው» ብሎ መናቅም ሆነ «ጃፓን ነው» ብሎ ዐይን መጨፈን ሁለቱም ፍርድን ለስም መተው ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው የአዲስ ጎማ ፋብሪካ እንኳ መጀመሪያ ማታዶር፣ ቆይቶም ሆራይዘን የሚል ስም ተቀጥሎለታል። አንዱ ፋብሪካ ስሙ ሲቀያየር ያየ አገር በስም ብቻ ሊፈርድ አይገባውም።

ከስሙ ይልቅ ጭነቱን የሚናገረው ቁጥር ይበልጥ ሐቀኛ ነው። በከባድ መኪና ጎማዎች ላይ ከሚታዩት አንዱ 156/150 ነው። ጎማው ነጠላ ሆኖ ሲገጠም 4,000 ኪሎ፣ ጥንድ ሆኖ ሲገጠም 3,350 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ለጥንዱ የሚሰጠው ቁጥር የሚያንሰው ጥንዶቹ ሁልጊዜ እኩል ስለማይሸከሙ ነው። አንዱ አዲስ፣ አንዱ ያለቀ ሲሆኑ ወይም የአንዱ ንፋስ ሲያንስ ትልቁ የሁለቱን ድርሻ ይሸከማል፤ ትንሹ መሬቱን እየፋቀ ይጎተታል። የዲያሜትራቸው ልዩነት ከግማሽ ኢንች ካለፈ ባለሙያዎች አንድ ላይ እንዳይገጠሙ ይመክራሉ። ንፋሱ መሞላት ካለበት በ20 በመቶ የጎደለውን ጎማም እንደ ተነፈሰ ይቆጥሩታል። በዐይን ሲታይ ግን የተነፈሰው ከወንድሙ ጋር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ወንድሙ ደግፎታላ። ሾፌሮች ቁልቁለት ከወረዱ በኋላ ቆመው እያንዳንዱን ጎማ በመዳፍ የሚዳስሱት ለዚህ ነው። ከጓደኞቹ ይበልጥ የጋለው አንድ ነገር ይዟል፤ ወይ ንፋስ ጎድሎታል፣ ወይ ፍሬኑ ይዞታል፣ ወይ ያለ አቅሙ ተጭኗል።

ባላንስ በንባብ አይታወቅም። ማሽን ባለበት ከተማ ጎማው ከነቸርኬው ተሽከርክሮ ስንት ግራም እርሳስ የት እንደሚለጠፍ ይነገራል። ማሽን በሌለበት የድሮው ዘዴ ይሠራል። ተሳቢው በክሪክ ይነሳል፤ ፍሬኑ ይለቀቃል፤ ኩሽኔታው የላላ ወይም የያዘ አለመሆኑ ይታያል። ከዚያ ጎማው በእጅ ይሽከረከርና በራሱ እስኪቆም ይጠበቃል። ሲቆም ታች ያረፈው ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። እንደገና ይሽከረከራል፤ እንደገና ይጠበቃል። በየጊዜው ሌላ ሌላ ቦታ ላይ ከቆመ ደህና ነው። ጠመኔው ደጋግሞ ታች ከዋለ ያ ወገን ከብዷል። በዚያው ላይ አንድ ድንጋይ ወይም ብረት ከጥርሱ ፊት ለፊት መሬት ላይ አድርጎ ክፍተቱን ማየት ነው። ጎማው ሲዞር ክፍተቱ ከጠበበና ከሰፋ ክቡ አልተስተካከለም፤ ግራና ቀኝ ከዋለለ ቸርኬው ጠሟል ወይም ጎማው ቸርኬው ላይ በደንብ አልተቀመጠም። ይህ ዘዴ የማሽንን ያህል አይደለም፤ መኪናው ሲሮጥ ብቻ የሚታየውን የጎን ለጎን ክብደት ልዩነት አያወጣም። ትልቁን ጥፋት ግን አያሳልፍም። ዋጋውም የአንድ ሰዓት ትዕግሥት ነው።

ጥቂት ግራም ምን ያደርጋል ለሚል ሒሳቡ ቀላል ነው። መሐሉ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ጎማ ላይ፣ ጥርሱ አካባቢ 200 ግራም ትርፍ ክብደት ቢኖር፣ መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ያ ክብደት 11 ኪሎ ያህል ሆኖ ወደ ውጭ ይጎትታል። በየሰከንዱም አምስት ጊዜ ይደበድባል። ፍጥነቱ 80 ሲሆን ጉልበቱ ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። ኮምቦልቻ ላይ ማዳበሪያ ጭኖ ጃማ ጥቁር አፈር ላይ እስኪያራግፍ ኩሽኔታው፣ ባሌስትራውና የጎማው ጎን የሚቀምሱት ድብደባ ስንት እንደሆነ ማስላት ለአንባቢ ይተዋል።

ይህ ሁሉ ሊታይ የሚችለው ነው። የማይታይም አለ። ጎማ ውስጡ ተደራርበው የተጣበቁ ላስቲክና የሽቦ መረቦች ናቸው፤ መጣበቂያው ውስጥ የተዘለለ ነገር ካለ ጎሚስታውም፣ ነጋዴውም፣ ሾፌሩም በዐይናቸው አያገኙትም። አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። ፎሪን ታየር ሴልስ የሚባል የኒው ጀርሲ አስመጪ ከቻይናው ሃንግዡ ጆንግሴ ፋብሪካ ጎማ ያስመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንድ ቫን ተገልብጦ ሁለት ሰዎች ሞቱና ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አስመጪው በ2007 ለመንግሥት ሲያስታውቅ፣ በሽቦ መረቦቹ መካከል መግባት የነበረበት ቀጭን የላስቲክ ማሰሪያ ከአንዳንዶቹ ጎማዎች ቀርቷል ወይም ሳስቷል አለ። መሰብሰብ አለባቸው የተባሉት ጎማዎች መጀመሪያ 450 ሺህ ያህል ነበሩ። ፋብሪካው ጉድለቱን ካደ፤ አስመጪው ደግሞ ሁሉንም ለመተካት አቅም የለኝም አለ። ብዙ ያወዛገበው ግን ሌላ ነበር። አስመጪው መጠርጠር የጀመረው ከማስታወቁ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነበር።

ሊታይ የማይችለው ጉድለት የሚታይ የሆነው መቼ ነው? ጉድለቱ ጎማው ውስጥ እስካለ ድረስ የፋብሪካው ነበር። ጥርጣሬው አስመጪው ልብ ውስጥ ከገባበት ቀን ጀምሮ ግን ዝምታው የአስመጪው ሆነ።

ፈላስፎች ይህን የዝምታ ነገር የያዙት ጥንት ነው። ሮማዊው ኪኬሮ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ አንድ የእህል ነጋዴ ያነሳል። ሰውየው ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ረሃብ ወዳለባት ወደ ሮዶስ ደሴት ይደርሳል፤ ሌሎች የእህል መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆኑን ያውቃል። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ባቢሎናዊው ዲዮጋን ሕጉ ካላስገደደው መናገር የለበትም፣ አለመናገር መደበቅ አይደለም አለ። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ገዢው ሊያውቀው የሚፈልገውን ሁሉ መናገር አለበት ብሎ ተከራከረ። ኪኬሮ ፍርዱን ለደቀ መዝሙሩ ሰጠ። በዚያው ክርክር ውስጥ እንከን ያለበትን ቤት ዝም ብሎ ስለሚሸጥ ሰውም አንስቷል፤ ፍርዱ አልተለወጠም።

በእስልምና ትውፊት ነገሩ ይበልጥ በእጅ የሚዳሰስ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ገበያ ላይ አንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲከቱ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩ ዝናብ መትቶት ነው አለ። ታዲያ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግኸውም አሉት፤ የሚያታልል ሰውም ከእሳቸው ወገን አለመሆኑን ነገሩት። የሻጩ ሰበብ እውነት ነበር፤ ዝናቡን ያዘነበው እሱ አይደለም። የተጠየቀው ስለ ዝናቡ ሳይሆን ደረቁን ከላይ ስለማድረጉ ነው። ኢማም አል-ገዛሊም ስለ ንግድ ሥነ ምግባር ሲጽፉ፣ ጨርቅን ጨለማ ቦታ አውጥቶ የሚያሳየውንና ከጫማ ጥንድ ደህናውን ብቻ የሚያቀርበውን ነጋዴ ከአታላዮች ይቆጥሩታል። ጎማ በጥንድ የሚገዛ ሰው ይህቺን ምሳሌ ለመረዳት ተንታኝ አያስፈልገውም።

ገበያው ግን የራሱ ተረት አለው፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ገዢ ዐይኑን እንዲከፍት ለመምከር ጥሩ ነው። ሻጭን ከደሙ ንጹሕ ለማድረግ ሲጠቀስ ግን ያለ ቦታው ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ በጻፈው ጥናት፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ ገዢው ሁሉንም እንደ መጥፎ ቆጥሮ ስለሚዋዋል የጥሩ ዕቃ ባለቤቶች እየወጡ ገበያው ለመጥፎው እንደሚቀር አሳይቷል፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች ዋናው ይህ ነው። ሁሉም የሚጠራጠርበት ገበያ ሐቀኛውን ነጋዴ ይቀጣል።

እስካሁን የተነሳው ሁሉ በሻጭና በገዢ መካከል ያለ ነው። የተሳቢ ጎማ ነገር ግን እዚያ አያበቃም። የመኪናው ባለቤት እያወቀ ያረጀ ጎማ በርካሽ ቢገዛ፣ ሻጩም ሳይደብቅ ቢነግረው፣ በሁለቱ መካከል ማታለል የለም። ውሉ ንጹሕ ነው። ጎማው ሲፈነዳ የሚሞተው ግን ከኋላ በሚኒባስ የሚመጣው መንገደኛ፣ ወይም በመንገዱ ዳር በጎቿን የምትነዳ ልጅ ናት። እሷን ማንም አላማከራትም፤ ከቅናሹም ሳንቲም አልደረሳትም።

ለዚህ የቀረበው ጥንታዊ ሕግ የወጊ በሬ ሕግ ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 እንደተደነገገው በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። በሬው ከዚያ በፊት የመውጋት ልማድ ከነበረውና ለባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን ባለቤቱም በነፍሱ ይጠየቃል። በሬው አንድ ነው፤ ሟቹም አንድ ነው፤ ፍርዱን የለየው ማወቅ ነው። በዘዳግም 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። እዚህ ማንም እስኪነግረው አይጠበቅም፤ ጣራ ላይ ሰው ሊወድቅ እንደሚችል ማንም ያውቃልና። የእስልምና ሕግ ሊቃውንትም ሌላውን መጉዳት እንደማይፈቀድ የሚደነግገውን የነቢዩን ቃል ከትልልቆቹ መርሆች አንዱ አድርገው ይዘውታል።

ያረጀ ጎማ ልማዱ ካልታወቀው በሬና ከታወቀው ወደየትኛው ይቀርባል? ቀኑ ጎኑ ላይ ታትሟል። ተነግሯል ማለት ነው። ወጊነቱ የታወቀ በሬ ነው።

የአገሪቱ ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ለሚያደርሰው ጉዳት ይጠየቃል ይልና አንድ በር ይከፍታል፦ ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊገኝ ይችል ከነበረ ፋብሪካው አይጠየቅም። ሊታይ ይችል የነበረውን ያላየ ሰው ሸክሙን ወደ ራሱ ያዞራል። የማይታየው ለፋብሪካው፣ የሚታየው ለሚያየው ሰው ተከፍሏል።

አሁን ወደ «ቀኑ ደርሶ ነው» መመለስ ይቻላል። ሁለቱም ሃይማኖቶች በፈጣሪ መታመንን ያስተምራሉ፤ ሁለቱም ግን መታመንን ከቸልተኝነት ለይተውታል። በቲርሚዚ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ አንድ ሰው ግመሉን ሳያስር በአላህ ይመካ እንደሆነ ሲጠይቅ መጀመሪያ እንዲያስር ከዚያ እንዲመካ ተነግሮታል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ክርስቶስ መላእክት ይይዙሃልና ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲባል ጌታን መፈታተን እንደማይገባ መልሷል። ንፋሱን ሳይለካ፣ ቀኑን ሳያነብ፣ ጥንዱን ሳያመሳስል ከነጭነቱ ወንጭት የሚወርድ ሰው የመስተዋቱ ላይ ጥቅስ ወይም የተንጠለጠለ መቁጠሪያ አማኝ አያደርገውም። ፈጣሪን እየተፈታተነ ነው። ሁሉን አድርጎ ሲያበቃ መጣበቂያው ውስጥ በተደበቀ ጉድለት የፈነዳበት ሰው ግን «ቀደር ነው» ቢል አፉን ሞልቶ መናገር ይችላል።

ጎማ ለመቀየር አቅም የለኝም የሚል ሰው የሚያነሳው የድህነት ጥያቄም በቁም ነገር መታየት አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን ተወድዷል፤ ጎማም አልቀረም። አንድ መኪና ብቻ ያለው፣ የባንክ ዕዳ ያለበት ባለንብረት የተሳቢውን ጎማ ሁሉ በአንዴ ይቀይር ማለት ሥራህን ተው ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ድህነት አዲስ ጎማ ያልገዛን ሰው በደል ያቀልለታል። ነገር ግን ንፋስ መለካት፣ አራት አኃዝ ማንበብ፣ እኩያውን ከእኩያው ጋር ማጣመር፣ ጎማው ሲደክም ጭነቱን ጥቂት ኩንታል መቀነስ ከውጭ ምንዛሪ ጋር አይገናኙም። ከሁሉ በላይ ድህነት ጎማ አለመግዛትን ያስረዳ ይሆናል እንጂ ለሾፌሩ አለመናገርን አያስረዳም። የተሳቢው ጎማ ማርጀቱን የሚያውቅ ባለንብረት ይህን ሳይነግር ሾፌርና ረዳት በሌሊት ከላከ የደበቀው ዕቃ ሳይሆን የሰው ነፍስ የቆመበትን ነገር ነው።

በሶማሌ ተራ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ጎማ የምትሸጡ ነጋዴዎች ከዛሬ ጀምራችሁ ልታደርጉት የምትችሉት አንድ ነገር አለ። ደረሰኙ ላይ ከዋጋው አጠገብ አራቱን የቀን አኃዞችና የጭነት ቁጥሩን ጻፉ። ባለንብረቶችም ይህ ያልተጻፈበትን ደረሰኝ አትቀበሉ። ጎሚስታዎችም ጎማውን ስትገጥሙ ቀኑ የተጻፈበትን ጎን ወደሚታይበት አዙሩት።